ከእሸት እስከ ጎተራ፦ የጥራጥሬ ነቀዝ ታሪክ

ነቀዝ ከገበሬ ይቀድማል። ሰው አተርና ምስር መዝራት ከመጀመሩ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የዛሬዎቹ ነቀዞች ቅድመ አያቶች ዘር እየበሱ ይኖሩ ነበር። በካናዳ አልበርታ ግዛት፣ ከጥንት ዛፍ ፈስሶ በዘመን ብዛት እንደ ድንጋይ በጠነከረ ሙጫ ውስጥ፣ ከ75 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የዚህ ወገን ጥንዚዛ ተገኝቷል። ዳይኖሰሮች ገና ከምድር ያልጠፉበት ዘመን መሆኑ ነው። ሰው እርሻ የጀመረው ግን ከ10,000 ዓመት ብዙም በማይርቅ ጊዜ ነው።

የጥራጥሬ ነቀዝ የሚባለው አንድ የነፍሳት ዝርያ ብቻ አይደለም። እስከ ዛሬ 1,700 ያህል ዝርያዎች ተለይተው ስም ወጥቶላቸዋል። ጥቂቶቹ የዘንባባ ወይም የሌላ ተክል ዘር ሲበሉ፣ አብዛኞቹ የጥራጥሬ ወገን በሆኑ ዕፅዋት ዘር ላይ የሚኖሩ ናቸው፤ ግራርም ከዚሁ ወገን ስለሆነ አይቀርለትም። በስንዴና በበቆሎ ላይ የምናየው ነቀዝ አፉ እንደ ኩምቢ የሾለ ነው። የጥራጥሬው ነቀዝ ኩምቢ የለውም፤ ዝምድናውም ቅጠል ከሚበሉ ጥንዚዛዎች ጋር ነው። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር ሲሆን ክንፉን የሚሸፍነው ጠንካራ ልባስ ስለሚያጥር የጀርባው ጫፍ ሳይሸፈን ይቀራል።

ጉዳቱን የሚያደርሰው ግን ይህ የምናየው ጥንዚዛ አይደለም። እናቲቱ ብዙውን ጊዜ እንቁላሏን በፍሬው ወይም በእሸቱ ልጣጭ ላይ ታጣብቃለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ከሥር በኩል በስቶ በቀጥታ ወደ ፍሬው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ አድጎ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ውጭውን አያይም። ፍሬው ቤቱም ምግቡም ነው። ባለቤቱ ቀዳዳውን ሲያይ ተባዩ በልቶ ጨርሶ ወጥቷል። የዚህ ፍጥረት ታሪክ ከሰው ታሪክ ጋር የተሳሰረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተያዘ ፍሬ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ስለሚመስል ሰው ጠላቱን ሳያውቅ ዘርቶታል፣ አከማችቶታል፣ በመርከብም ጭኖ ባሕር አሻግሮታል።

በእሳተ ገሞራ የተቀበረው ጎተራ

ከዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ በፊት በግሪክ ባሕር በምትገኘው በሳንቶሪኒ ደሴት ታላቅ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አክሮቲሪ የምትባለው ከተማ ከነቤቷና ከነዕቃዋ በአመድ ተቀበረች። እ.ኤ.አ. በ1967 ግሪካዊው የቅርስ ተመራማሪ ስፒሪዶን ማሪናቶስ ቁፋሮ ሲጀምር ባለ ፎቅ ቤቶች፣ በቀለም ያጌጡ ግድግዳዎችና እህል የተከማቸባቸው ትልልቅ የሸክላ እንስራዎች ብቅ አሉ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእንስራዎቹ ውስጥ ከተገኙት ጥራጥሬዎች አንዱ የኛው ጓያ የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ የደሴቲቱ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ እየዘሩ ክክ የሚሠሩበት ፍሬ ነው። ኤቫ ፓናጊዮታኮፑሉና ፖል በክላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ፍሬ መርምረው በ1991 ባወጡት ጥናት በውስጡ የጥራጥሬ ነቀዝ እንዳለ አሳወቁ። ባለቤቶቹ ከተማቸውን ጥለው ሲሸሹ እህላቸውን የሚጋራው ተባይ እዚያው ቀርቶ ነበር።

በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ በደቡብ ስፔን ተወልዶ በኢጣሊያ ያርስ የነበረው ሮማዊው ኮሉሜላ ስለ እርሻ ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ። ስለ ምስር በጻፈበት ክፍል ነቀዝ ፍሬውን ገና በእሸትነቱ እንደሚይዘው ተናግሯል። ይህን ማስተዋሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ነቀዝ በጎተራ ውስጥ ከየትም የሚፈላ ይመስለው ነበርና። የሰጠው መድኃኒትም በቅደም ተከተል የተቀመጠ ነው። የተወቃው ምስር ውኃ ውስጥ ይጨመር፤ የተበላው ስለሚቀል ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይዘቅጣል። ደህናው ተለይቶ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ በሆምጣጤ በተለወሰ የመድኃኒት ሥር ይታሽ፣ እንደገና ደርቆ ይቀዝቅዝ። ብዙ ከሆነ ጎተራ ይግባ፤ ጥቂት ከሆነ ዘይት ወይም ጨው የበዛበት ዓሣ በነበረበት እንስራ ተሞልቶ አፉ ወዲያው በጀሶ ይደፈን። ይህ ሁሉ ካልተቻለ ከአመድ ጋር ይደባለቅ።

ዘይት የጠጣ የሸክላ ግድግዳ አየር አያሳልፍም፤ ጀሶውም አፉን ይዘጋል። ኮሉሜላ ስለ ኦክስጅን የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ነቀዙን የሚገድለውን ነገር በልምድ ደርሶበታል። ሳይንስ ወደዚሁ መልስ ለመመለስ ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶበታል።

የፔር ካልም ጭንቀት

በ1748 የስዊድን የሳይንስ አካዳሚ የላከው ፔር ካልም ፊላደልፊያ ደረሰ። ካልም ከታላቁ የዕፅዋት ሊቅ ከካርል ሊኒየስ ተማሪዎች አንዱ ነበር። የተላከውም በስዊድን ብርድ የሚበቅሉ ጠቃሚ ዕፅዋት ከሰሜን አሜሪካ ፈልጎ ዘራቸውን እንዲያመጣ ነው።

ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ያገኛቸው ገበሬዎች አንድ ምሬት ነበራቸው። ቀድሞ አተር ይዘሩ ነበር፤ አሁን ግን ትተውታል። አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ አዝመራውን ከውስጥ እየበላች ባዶ ቅርፊት ታስቀርባቸዋለች። በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ ደቡባዊ ክፍልም ሁኔታው ያው ነበር። ካልም ወደ ሰሜን ወጥቶ አልባኒ ሲደርስ አተር ገና በሰላም ሲዘራ አየ፤ ተባዩ እዚያ አልደረሰም ነበር።

በ1751 ካልም ወደ ስዊድን ተመለሰ። ከአሜሪካ ያመጣውን የአተር ጥቅል ስቶክሆልም ላይ ሲፈታ ፍሬዎቹ ተበስተው አገኛቸው፤ ከውስጣቸውም ሕይወት ያላቸው ነቀዞች ይወጡ ነበር። ደንግጦ ጥቅሉን መልሶ ዘጋው። አንዱ እንኳ አምልጦ ቢሆን ለአገሩ ምን ዓይነት መቅሰፍት ይዞ እንደገባ እያሰበ መጨነቁን በጉዞ መጽሐፉ ጽፎታል። አንድ ሰው በእጁ የያዘው የዘር ጥቅል የአገር አደጋ ሊሆን እንደሚችል የተገነዘበበት ይህ ቅጽበት፣ ዛሬ በየአየር ማረፊያውና በየወደቡ ለሚደረገው የዕፅዋት ቁጥጥር ምክንያቱን አስቀድሞ ያሳየ ነው።

ካልም አንድ ነገር አላወቀም። ያ ነቀዝ በአተር ፍሬ ውስጥ ብቻ የሚያድግ ስለሆነ የትውልድ አገሩ አተር ከበቀለበት ከአሮጌው ዓለም ሊርቅ አይችልም። ወደ አሜሪካ የወሰዱት አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ናቸው፤ ለዘር ብለው በያዙት አተር ውስጥ ሆኖ አብሯቸው ተሻግሯል። ሊኒየስ በ1758 ለዚህ ነቀዝ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ ከአሜሪካ የመጣ አድርጎ ያየው ነበር። ነቀዝ ግን በራሱ ክንፍ አትላንቲክን አላቋረጠም፤ ያሻገረው ሰው ነው።

ይኸው መንገድ በተቃራኒው አቅጣጫም ሠርቷል። ቦሎቄ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። በ1831 አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቶማስ ሴይ የቦሎቄን ነቀዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ገልጾ ስም ሰጠው። ቦሎቄ በዓለም ሲሰራጭ ነቀዙም ተከተለው።

ፋብር በአትክልቱ ውስጥ

የነቀዝን የውስጥ ሕይወት ቁጭ ብሎ በዓይኑ ያየና ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ የጻፈው ፈረንሳዊው ዣን-ኦንሪ ፋብር ነው። ፋብር በደቡብ ፈረንሳይ ሴሪኛን በምትባል መንደር ለበርካታ ዓመታት ነፍሳትን ሲከታተል ኖሯል። በ1903 በወጣው የነፍሳት መጽሐፉ ስምንተኛ ቅጽ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ ለአተርና ለቦሎቄ ነቀዝ ሰጥቷል።

የአተር ነቀዝ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይወልዳል። ክረምቱን በዛፍ ቅርፊት ሥር ወይም በፍሬው ውስጥ ተደብቆ ያሳልፍና አተር ሲያብብ ወደ ማሳው ይበራል። የአበባውን ዱቄት በልቶ ከጠነከረ በኋላ እናቲቱ በለጋው እሸት ላይ እዚህም እዚያም ቢጫ እንቁላል ታጣብቃለች። ፋብር የእንቁላሎቹን ቁጥር በእሸቱ ውስጥ ካሉት ፍሬዎች ጋር ሲያስተያይ እንቁላሉ እጅግ በዝቶ አገኘው። ስለዚህ ብዙ እጮች ወደ አንድ ፍሬ ይገባሉ። በመጨረሻ ከአንድ አተር የሚወጣው ግን አንድ ነቀዝ ብቻ ነው። ፋብር ፍሬዎቹን እየሰነጠቀ ሲያይ ቀድሞ ወደ መካከል የደረሰው አድጎ፣ ሌሎቹ በዳር በዳር ቀጭጨው ሞተው አገኘ።

ቀጥሎ ያየው ነገር የበለጠ ያስደንቃል። ጎልማሳው ነቀዝ ጠንካራውን የአተር ቅርፊት ራሱ ከባዶ በስቶ ለመውጣት ይቸገራል። ስለዚህ እጩ ከመተኛቱ በፊት መንገዱን ያዘጋጃል፤ ከውስጥ እስከ ቅርፊቱ ድረስ ይቦረቡርና ልክ እንደ ክዳን ክብ አድርጎ ይከረክመዋል፤ የሚቀረው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ጎልማሳው ሲነቃ በጭንቅላቱ ገፋ ሲያደርገው ክዳኑ ተነሥቶ ይወጣል። በደረቅ አተር ላይ ጠቆር ያለች ክብ ነጥብ የምትታየው ይህች ያልተከፈተች በር ናት። እሷን የሚያውቅ ሰው ቀዳዳ ከመታየቱ በፊት የተያዘውን ፍሬ ሊለይ ይችላል።

ፋብርን ለረጅም ጊዜ ያስገረመው በአካባቢው ቦሎቄ ሳይነካ መቅረቱ ነበር። ኋላ ግን ማያን ከምትባል መንደር የነቀዘ ቦሎቄ ተላከለት። አሳድጎ ሲያየው ጠባዩ ከአተሩ ነቀዝ ፈጽሞ የተለየ ሆነበት። ይህኛው ማሳ አያስፈልገውም፤ በደረቅ ፍሬ ላይ በጎተራ ውስጥ እንቁላል ይጥላል፣ በዓመት ብዙ ጊዜ ይራባል፣ በአንድ ፍሬም ብዙ እጭ አብሮ ያድጋል። ባለሙያዎች ዛሬም የጥራጥሬ ነቀዝን ለሁለት የሚከፍሉት በዚህ መሠረት ነው፤ አንደኛው በማሳ ብቻ የሚራባው፣ ሁለተኛው ከማሳ ተነሥቶ በጎተራ ውስጥ ትውልድ በትውልድ ላይ የሚደራርበው። መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

ኪዮቶና ኮስታ ሪካ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነቀዝ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። ጃፓናውያን ለጣፋጭ ምግብ የሚጠቀሙበት አዙኪ የተባለ ቀይ ጥራጥሬ የራሱ ነቀዝ አለው፤ ይኸው ነቀዝ በኢትዮጵያ የሽምብራ ዋነኛ ጠላት ነው። በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሹንሮ ኡቲዳ የተባሉ ተመራማሪ ይህን ነቀዝና እጩን የምትገድለውን ትንሽ ተርብ በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው አኖሯቸው። አንዱ ሲበዛ ሌላው እያነሰ፣ እየተፈራረቁ ከመቶ በላይ ትውልድ ሲቆጠር ተከታትለው ውጤቱን በ1957 አሳተሙ። ስለ አዳኝና ታዳኝ ብዛት መዋዠቅ የሚያስተምሩ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይህን ሥራ ይጠቅሳሉ።

ኡቲዳ ለገበሬ ይበልጥ የሚጠቅም ሌላ ነገርም አስተውለዋል። ካውፒ የሚባለው ባለ ጥቁር ዐይን ጥራጥሬ ነቀዝ ሁለት ዓይነት መልክ አለው። ጎተራው ሰፊ፣ ምግቡ ብዙ ሲሆን የሚወለደው ብዙም የማይበር፣ ብዙ እንቁላል የሚጥል ነው። ጎተራው በነቀዝ ሲጨናነቅና ሲሞቅ ግን ሌላ ዓይነት ይወለዳል፤ እንቁላሉ ያነሰ፣ ለመብረር የበረታ። ይህኛው ጎተራውን ትቶ ወደ ማሳ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው አዝመራ እሸት ላይም እንቁላሉን ይጥላል። ችላ የተባለ ጎተራ ለጎረቤት ማሳ የሚተርፍ አደጋ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ዳንኤል ጃንዘን በኮስታ ሪካ ደረቅ ደኖች ውስጥ ነቀዞችን ከየዛፉ ዘር ላይ ይሰበስቡ ነበር። በ1969 ባወጡት ጽሑፍ የጥራጥሬ ዛፎች የዘራቸውን መጠን፣ ብዛትና መርዝ የወሰነው ከዘር በላተኞች ጋር የኖሩበት ረጅም ትግል እንደሆነ አስረዱ። ከሁሉ የሚያስገርመው በአንድ የደን ሐረግ ዘር ውስጥ የሚኖረው ነቀዝ ነው። ያ ዘር ካናቫኒን በሚባል መርዝ የተሞላ ነው። መርዙ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱን ስለሚመስል የሌሎች ነፍሳት አካል ተታልሎ ይጠቀምበትና ይበላሻል። ጃንዘን ከጄራልድ ሮዘንታልና ከባልደረባቸው ጋር በ1976 ባወጡት ጥናት የዚህ ነቀዝ አካል ሁለቱን ለይቶ እንደሚያውቅ አሳዩ። በኋላም መርዙን ሰባብሮ ናይትሮጅኑን ለራሱ ምግብ እንደሚያደርገው ታወቀ። ለመግደል የተሰናዳው ምግብ ሆነ ማለት ነው። ነቀዝን በዘር ውስጥ ባለ መርዝ ብቻ ለዘለዓለም ማሸነፍ ከባድ መሆኑን ያኔውኑ መገንዘብ ይቻል ነበር።

የማይነቅዝ ዘር ፍለጋ

ያም ሆኖ ፍለጋው ቀጠለ። በ1970ዎቹ በናይጄሪያ ኢባዳን ያለው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ተቋም ብዙ ሺህ የካውፒ ዓይነቶችን መርምሮ ነቀዝ የሚቋቋም አንድ ዘር አገኘ። ደስታው ትልቅ ነበር፤ ሌሎች የተሻሻሉ ዘሮችም ከእርሱ ተዳቀሉ። ብዙም ሳይቆይ ግን በ1980ዎቹ በቤተ ሙከራ የተፈተኑ አንዳንድ የነቀዝ ወገኖች ይህንን ዘር እየለመዱ መብላት እንደሚችሉ ታየ።

በኮሎምቢያ ደግሞ ዓለም አቀፉ የሐሩር ክልል ግብርና ማዕከል የሚዘራውን ቦሎቄ ሁሉ ፈትሾ በቂ መከላከያ ቢያጣ ወደ ዱር ቦሎቄ ዞረ። በ1983 የታተመው ውጤት ከሜክሲኮ የመጡ የዱር ዓይነቶች ነቀዝን እንደሚቋቋሙ ገለጸ። መከላከያው በዘሩ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ፍሬው በተለቀመባት አርሴሊያ በምትባል የሜክሲኮ ከተማ ስም አርሴሊን ተባለ። ፍሬዋ ደቃቃ ስለሆነች ማንም ለድስት የማይፈልጋት የዱር ተክል ለገበሬው ቦሎቄ መከታ ልትሆን መቻሏ፣ የዱር ዘር ጠብቆ ማቆየት ለምን እንደሚያስፈልግ በቂ ምስክር ነው።

አውስትራሊያ ሌላ መንገድ ሞከረች። የአገሪቱ የሳይንስ ምርምር ድርጅት ባለሙያዎች የቦሎቄን አንድ ዘረ መል ወደ አተር አስገቡ። ፍሬው የነቀዙን ስታርች የመፍጨት ችሎታ ስለሚያግድበት እጩ በምግብ መካከል ተርቦ ይሞታል። አተሩ በማሳ ሲሞከር ነቀዝን በሚገባ ተቋቋመ። ነገር ግን በ2005 ይህ አተር በአይጦች ላይ የአለርጂ ዓይነት ምላሽ እንደቀሰቀሰ ሲታወቅ ፕሮጀክቱ ቆመ። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ያው ፕሮቲን ከተራው ቦሎቄ ሲመጣም በአይጦች ላይ ተመሳሳይ ምላሽ እንደሚያስነሣ አሳየ፤ አተሩ ግን ወደ ገበሬው አልደረሰም።

ተክሉ ራሱ የሚሠራው መከላከያም አለ። በ2000 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው አንዳንድ የአተር ዓይነቶች የነቀዝ እንቁላል ሲያርፍባቸው ያውቃሉ። እንቁላሉ ካረፈበት ሥር የእሸቱ ልጣጭ ያብጥና እንቁላሉን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ እጩም ወደ ፍሬው ለመድረስ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። ተክሉን የሚያነቃው ከነቀዙ የሚወጣ ቅባት መሰል ንጥረ ነገር ነው፤ መጠኑም ከአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ እጅ ባይበልጥ እንኳ ይበቃል።

ከማሩዋ የወጣው ከረጢት

የገበሬው ችግር ግን ምርምር እስኪያልቅ አይጠብቅም። በምዕራብ አፍሪካ ካውፒ የድሃ ቤተሰብ የፕሮቲን ምንጭ ነው፤ ከመከር በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ደግሞ ነቀዝ አብዛኛውን ፍሬ ሊበሳው ይችላል። ስለዚህ ገበሬው ዋጋ ሲወድቅ ሸጦ ዋጋ ሲወደድ መልሶ ይገዛል። ሌላው አማራጭ መርዝ መግዛት ነው፤ በአግባቡ ያልተያዘ መርዝ ደግሞ የተመጋቢውን ሕይወት ይቀጥፋል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ላሪ መርዶክ ከካሜሩን ባለሙያዎች ጋር በሰሜን ካሜሩን፣ በማሩዋ አካባቢ ቀላል መፍትሔ መፈለግ ጀመሩ። የደረሱበት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው። ሁለቱ የውስጥ ከረጢቶች ወፍራም ፕላስቲክ ናቸው፤ የውጩ ተራ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ደረቅ እህል ይሞላል፣ አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፣ እያንዳንዱ አፍ ለየብቻ ተጠምዝዞ ይታሰራል። መርዝ የለበትም።

በታሸገው ከረጢት ውስጥ ነቀዞቹ የቀረችውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሷታል። መጀመሪያ መብላት ያቆማሉ፤ ቀጥሎ ይሞታሉ። በ2012 የወጣው የመርዶክና የባልደረቦቻቸው ጥናት የሞታቸውን ምክንያት በግልጽ አሳየ። በደረቅ ፍሬ ውስጥ የሚኖር እጭ ውኃ የሚያገኘው የበላውን በኦክስጅን እያቃጠለ ነው። ኦክስጅን ሲቋረጥ ውኃውም ይቋረጣል፤ እጩ ታፍኖ ብቻ ሳይሆን ደርቆ ይሞታል። በ2007 በጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ ሥራው ወደ ብዙ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ሰፋ፤ በኋላም ከረጢቱ ፒክስ በሚል ስም ኢትዮጵያ ደረሰ። ኮሉሜላ በጀሶ የደፈነው እንስራ የሠራውን ሥራ ዛሬ ፕላስቲክ ይሠራዋል።

የኛ ጥራጥሬ

ኢትዮጵያ በአፍሪካ በሽምብራ ምርት ቀዳሚ አገር ናት። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ የደጋው ኑሮ ናቸው፤ በስምጥ ሸለቆ ያለው ቦሎቄ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። በጾም ወራት ሽሮና ክክ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። እናቶቻችን ሽምብራውንና አተሩን ቶሎ ቆልተው፣ ከክተውና አስፈጭተው ማስቀመጣቸው ለምግቡ ጣዕም ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ እሳት በፍሬው ውስጥ ያለውን እጭ ይገድላል፣ የተከካ ፍሬም ሙሉ ፍሬ ለለመደው ነቀዝ አይመቸውም። ጥራጥሬን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥም የታወቀ ዘዴ ነው። ደቃቁ ጤፍ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ እንደልቡ ተንቀሳቅሶ መራባት ያቅተዋል። ለዘር ተብሎ በሙሉ ፍሬው የሚቀመጠው ግን ለነቀዝ ተጋላጭ ሆኖ ይቆያል።

ካልምን ያስፈራው የአተር ነቀዝ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሥርት ዓመታት ሰሜን ኢትዮጵያ መድረሱ ተመዘገበ። ሰቆጣና አካባቢዋ ቀድመው ከተጎዱት መካከል ናቸው። ከዚያ በአማራና በትግራይ አተር አብቃይ ወረዳዎች ተስፋፋ፤ ክፉኛ በተጠቁ ቦታዎች ጉዳቱ እስከ 85 በመቶ እንደደረሰ ጥናቶች ገልጸዋል። በትግራይና በወሎ ደጋ የሚዘራው ደቆቆ፣ የአገራችን ብርቅ የሆነው ደቃቅ አተር፣ ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም።

መልሱን ለመፈለግ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ1976 ወደተቋቋመው የአገሪቱ የዘር ባንክ ዞሩ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎች አብረው ብዙ መቶ የኢትዮጵያ አተር ዓይነቶችን በተጠቁ ማሳዎች ላይ ዘርተው አወዳደሩ። በ2015 በወጣው ውጤት ጥቂት ዓይነቶች ከሌሎቹ ያነሰ ጉዳት እንደደረሰባቸው ታወቀ። ፈጽሞ የማይነቅዝ አልተገኘም፤ ለማዳቀል መነሻ የሚሆን ግን ተገኝቷል። ይህ ሀብት የተገኘው ገበሬዎች ለትውልድ መርጠው ያቆዩትን ዘር ሳንጥል ስለጠበቅን ነው።

ነቀዝን የሚቋቋም ዘር እስኪዳቀል ድረስ ያለን ትልቁ መሣሪያ ጊዜ ነው። አንዲት የካውፒ ነቀዝ እስከ መቶ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ በሞቃት አካባቢ አንድ ትውልድ በአንድ ወር ገደማ ይደርሳል። ከአንድ ጥንድ 80 ልጆች፣ ግማሾቹም ሴቶች ሆነው ቢተርፉ፣ በሁለተኛው ወር 3,200፣ በሦስተኛው ወር 128,000 ይሆናሉ። በመከር ሰሞን ያልታየችው ጥንድ በጥቂት ወራት ጎተራ ባዶ ታደርጋለች። ለሽምብራና ለቦሎቄ ትግሉ የሚለየው ከውቂያ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ነው። የአተሩ ነቀዝ በጎተራ ባይራባም ይህ ለእርሱም ይሠራል፤ አተሩ በጊዜው ታጭዶ፣ ደርቆ ወዲያው ከታሸገ በውስጡ ያለው እጭ ጎልምሶ ወደሚቀጥለው ዓመት ማሳ አይመለስም። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያደርገው የጎረቤቱ ነቀዝ ይመጣበታል፤ ቀበሌው በሙሉ ሲያደርገው ግን የሚመለሰው ይመነምናል።

ስለዚህ ለአንድ የዘር ከረጢት የሚወጣው ገንዘብ፣ ለገበሬዋ የሚሰጠው የግማሽ ቀን ሥልጠና፣ በመከር ሰሞን በወረዳ ገበያ አየር የማያስገባ ከረጢት አለመጥፋቱ እንደ ጥቃቅን ጉዳይ ሊታዩ አይገባም። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጊዜው እንዲደርስ የምንጨነቀውን ያህል፣ የደረሰው ምርት እስከሚቀጥለው ዘር ድረስ እንዲቆይም እኩል ልንጨነቅ ይገባል።